ቁስል ሠሪዋ

በቴሌቪዥን ጣቢያው ድራማ ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ዶክተርዬ» ነው የሚላት። ሐኪም የቆሰለውን ያድናል። እሷ ግን ጤነኛውን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ሰም በጣቷ አለስልሳ፣ ቀይ ቀለም በጥብጣ፣ የያዘችው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሞት አፋፍ ታደርሰዋለች። ቀረጻው ሲያልቅ ደግሞ በእርጥብ ጥጥ ጠርጋ ወደ ልጆቹ ትሸኘዋለች። ተዋናዮቹ «በሽተኛ ሞቶባት የማያውቅ ሐኪም እሷ ብቻ ናት» እያሉ ይቀልዱባታል።

ሙያውን ማንም አላስተማራትም። የሰፈር ጸጉር ቤት ውስጥ ትሠራ በነበረ ጊዜ አንዲት ተዋናይት ደንበኛዋ ጥቁር መነጽር አድርጋ መጣችና፣ ባሏ የመታውን ዓይን እንድትሸፍንላት በሹክሹክታ ለመነቻት። ሸፈነችላት። ተዋናይቷ መስታወቱን አይታ አይታ፣ «እንዲህ አድርገሽ መሸፈን ከቻልሽማ ቁስል መሥራቱም አያቅትሽም» አለቻትና በሳምንቱ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ይዛት ሄደች። ያ ባል ባያውቀውም ለአንዲት ሴት እንጀራ ከፍቷል።

ዝነኛ ያደረጋት ግን የወታደሩ እግር ነው። በአንድ ድራማ ላይ ፈንጂ እግሩን የቆረጠው ወታደር ነበረ። ፍራሹንና የአልጋውን ጣውላ አስበስታ የተዋናዩን ደህና እግር ወደ ታች ሰደደችው፤ ጉልበቱ ላይ ደም ያዘለ ፋሻ ጠመጠመችበት። ሰውዬው እግሩን አልጋው ሥር ቁርጥማት ይዞት የእውነቱን ሲጮህ ዳይሬክተሩ «ድንቅ ነው፣ ቀጥል!» ይለው ነበር። ይህን ታሪክ ለዘጠኝ ዓመት ልጇ ስንት ጊዜ እንደነገረቻት አይቆጠርም።

ልጅቷም በዚሁ አደገች። ቴሌቪዥን ላይ ደም ባየች ቁጥር «እማዬ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው?» ትላለች። እናት «አዎ የኔ ቆንጆ፣ ሰም ነው፣ አትፍሪ» ትላለች። አብራቸው የምትኖረው የእናትየዋ ታላቅ እህት «ኧረ ይቺ ልጅ በደም መሳቅ ለመደች» እያለች ብትቆጣም የሚሰማት አልነበረም።

ከዚያ የመናኸሪያው ፍንዳታ መጣ። አንድ ሰው ሰዎች በሚሳፈሩበት የጠዋት ግርግር መሃል ሻንጣ ጥሎ ሄደ። የሆነውን ሁሉ እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ ጣቢያዎቹ በበቂ ደግመውታል። ያን ቀን ማታ ዶክተርዬ ቤቷ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ሳለ ልጇ ከቴሌቪዥኑ ፊት ዘላ ተነሳች።

«እማዬ! ይሄኛው ከሁሉም ይበልጣል! እንዴት አድርገሽ ነው የሠራሽው?»

በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነበር። ግማሽ ፊቱን ደም ጨፍኖታል፤ አፉን ከፍቶ ይጮኻል፣ ድምፁ ግን አይሰማም፣ የሐዘን ሙዚቃ ተደርቦበታል። እናት ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ልጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

«ስሚኝ። ድራማ ላይ ያለው የእኔ ነው። ዜና ላይ ያለው ግን የእውነት ነው። ዜና ላይ እጄን አላስገባም። እሺ?»

«መቼም?»

«መቼም።»

ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑ ሌላ ቴሌቪዥን ሆነ። ኮሜዲው ቀረ፣ ዘፈኑ ቀረ፣ አቅራቢዎቹ ጥቁር ለበሱ፣ ለተጎጂዎች በተመደበው ሰዓት ማስታወቂያ ጭራሽ እንዳይገባ ተወሰነ። ፈንጂ ያለበት ድራማዋም ተቋረጠ። ሐዘን ነው ብለው ሳቁን ከለከሉ፤ ደሙን ግን በየሰዓቱ ሲደጋግሙት ውለው ያድራሉ። አንዱ ጣቢያ ባለቀይ ሸሚዙን አንዴ ካሳየ ሌላው ሦስቴ ያሳያል። እሷም ወደ ዜና ክፍል ተዛወረችና የአቅራቢዎችን ግንባር ፓውደር መቀባት ሆነ ሥራዋ። ቁስል የለም፣ ሰም የለም። በልቧ ተመስገን አለች።

አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ስልካቸውን እያዩ ሲሳሳቁ ሰማች። «የቆሰሉት እኮ ተዋናዮች ናቸው፤ ተከፍሏቸው ነው» ይላል አንደኛው። ተነስታ በጥፊ ብትለው ደስ ባላት ነበር። ግን ምን ብላ? እኔ ቁስል ሠሪዋ ነኝ፣ ያኛውን አልሠራሁትም ልትል ነው? ሰፈሯ ሳይደርስ ወረደች።

ሳምንታት አልፈው ሰዉ ከዜናው ፊት መሸሽ ሲጀምር፣ ጣቢያው ከጥቃቱ የተረፉ ሰዎች በቀጥታ ስርጭት የሚቀርቡበት ፕሮግራም አዘጋጀ። የመጀመሪያው እንግዳ ባለቀይ ሸሚዙ ነው ተብሎ ሲነገር ሰነበተ። ሰውዬው ሲመጣ ግን የበሩ ዘበኛ እንኳ አላወቀውም። በመናኸሪያው ጫኝና አውራጅ ነው፤ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ። ፊቱ ድኗል። ከጆሮ ግንዱ እስከ ጉንጩ ቀጭን መስመር ብቻ ቀርታለች።

የፕሮግራሙ አዘጋጅ ሜካፕ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ራሱን ያዘ። ከጥቃቱ ወዲህ እንቅልፍ ያላየ ሰው ነው፤ ክፉ ነው ለማለት አይቻልም።

«ዶክተርዬ፣ ይሄን ፊት ማን ያውቀዋል? እንደዚያን ቀን አድርጊልኝ። ያልነበረ ነገር አምጪ አላልኩሽም እኮ፤ የነበረውን መልሺው ነው የምልሽ።»

«ዜና ላይ አልሠራም።»

«እንግዲያው ሌላ እንግዳ እንፈልጋለን» አለና ወጣ።

ጫኙ ከወንበሩ አልተነሳም። ከኪሱ የአንድ ጎረምሳ ፎቶ አወጣና በሁለት እጁ ያዘው።

«እህቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። አብረን ነበር የምንጭነው። ከሟቾቹም የለም፣ ከቁስለኞቹም የለም። ያልረገጥኩት ሆስፒታል የለም። ባለቀይ ሸሚዙ እኔ ነኝ ስላቸው ፊቴን ያዩና ይስቁብኛል። ፊቴ ሲድን ሰው ረሳኝ።»

ጎንበስ ብላ ፎቶውን አየችው።

«ያን ቀን ስጮህ አይተሻል? የእሱን ስም ነበር የምጠራው። ድምፄን አጥፍተው ሙዚቃ አደረጉበት። ዛሬ ድምፅ አለኝ ተብያለሁ። ቁስል ከፈለጉ ስጫቸው። ከፈለግሽ አስፍተሽ ሥሪው።»

ምን ታድርግ? ቃሏን ለልጇ ሰጥታለች፤ የሰው ወንድም ደግሞ ጠፍቷል። ሆዷ እምቢ እያለ እጇ ሰሙን ማለስለስ ጀመረ። ጥሩ አድርጋ ሠራችው፤ ከዚህ ቀደም ከሠራችው ሁሉ ይሄ በለጠ። አዘጋጁ ተመልሶ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጫኙ ግን መስታወት ሲያይ ወንበሩን አጥብቆ ያዘ። ያን ቀን መልሶ አይቶ ነበር።

ስቱዲዮው ይፋጃል። የማቀዝቀዣው ድምፅ ማይክሮፎን ውስጥ ስለሚገባ በስርጭት ጊዜ ይጠፋል፤ መብራቶቹ ደግሞ ከላይ እንደ ምድጃ ይለበልባሉ። አቅራቢው ጥያቄውን ጀመረ። ጫኙ ስለ ፍንዳታው ተናገረ፣ ስለ ጭሱ፣ ተሸክሞ ስላወጣቸው ሰዎች። ላብ ከግንባሩ ይወርዳል። ዶክተርዬ ከካሜራዎቹ ጀርባ ጨለማው ውስጥ ቆማ ሞኒተሩን ታያለች። ከጆሮ ግንዱ ሥር የሰሙ ጠርዝ ተነስቷል።

ምን እንደዘነጋች ያኔ ገባት። ድራማ ሲቀረጽ ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ዳይሬክተሩ «ቁረጥ!» ይላል፣ እሷ ሮጣ ትጠጋግናለች፣ እንደገና ይቀረጻል። የእሷ ቁስል የተፈጠረው ለዚያች አጭር ጊዜ ነው። እዚህ «ቁረጥ» የሚል የለም።

አዘጋጁን ክንዱን ያዘችው። «አስቁም። ሰሙ እየለቀቀ ነው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «በምን ላስቁመው? ማስታወቂያ የለ! በዚህ ሰዓት ማስታወቂያ ተከልክሏል እኮ!» አለና በጆሮ ማዳመጫው ይለምን ጀመር፤ «ከሩቅ ያዙት፣ ከሩቅ!»

አቅራቢው ግን የሚሆነውን አያውቅም። ወደ እንግዳው ዘንበል አለና፣ «እስቲ ያንን ሕዝቡ የማይረሳውን ቁስልዎን ወደ ካሜራው ያሳዩልን» አለ። ሰውዬው ስለ ወንድሙ ገና አልተነፈሰም፤ ፎቶው ኪሱ ውስጥ ነው። ዋናውን ካሜራ የያዙት በዕድሜ የገፉት ካሜራማን፣ ጋሼ የሚሏቸው፣ አቀረቡት። ሞኒተሩ በሰውዬው ጉንጭ ተሞላ። ጠርዙ ተንቀጠቀጠ።

በራሱ ከወደቀ አለቀ። የታክሲው ጎረምሶች ይስቃሉ፤ ከዚህ በኋላ የቆሰለ ሁሉ ተዋናይ፣ የሞተ ሁሉ ውሸት ይባላል። የዚህን ሰው ወንድም ማን ይፈልግለታል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ልጇም ቤት ሆና እያየች ነው።

ዶክተርዬ ገመዶቹን ተሻግራ መብራቱ ውስጥ ገባች። በጣቢያው ታሪክ ቀጥታ ስርጭት ላይ የሜካፕ ሠራተኛ ሽርጥ እንደለበሰች መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም። አቅራቢው አፉን ከፍቶ ቀረ። እሷ ግን ወደ ጫኙ ጎንበስ አለች፣ በእርጥብ ጥጥ ከጆሮ ግንዱ ጀምራ ቁስሉን ሙልጭ አድርጋ ጠረገችው።

«ይሄ... ይሄ የእኔ ሥራ ነው» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እሱ የእውነት ቆስሎ ነበር፤ ድኗል። ወንድሙ ነው የጠፋው። ፎቶውን አሳይ፣ ወንድሜ። አውጣው!»

ጫኙ ደንግጦ ፎቶውን አወጣና የወንድሙን ስም ጮኸ። ያን ቀን እንደጮኸው፣ ዛሬ ግን ያለ ሙዚቃ። ከመቆጣጠሪያ ክፍል «ካሜራውን አንሱ! አንሱ እያልኩ!» የሚለው ጩኸት ከጋሼ ጆሮ ማዳመጫ አልፎ ይሰማል። ጋሼ ማዳመጫውን አውልቀው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት፤ ካሜራውንም ከፎቶው ላይ አላነሱም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስርጭቱ ተቋርጦ የሻማ ምስል ወጣ።

ሁለቱንም በጓሮ በር አስወጧቸው። መንገድ ዳር ሲቆሙ ጫኙ ፊቱን አዞረባት።

«ገደልሽኝ እህቴ። አሁን ማን ያምነኛል?»

የገደለችው መስሏት ነበር። ቤቷ ስትደርስ ልጇ «ዜና ላይ እጄን አላስገባም አላልሽም ነበር?» አለቻት። «ብዬ ነበር፤ ዋሸሁሽ» አለች እናት፣ ከዚያም እንደ ልጅ አለቀሰች። እህቷ ጀርባዋን ታሻት ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን ሰው ይደፈርሳል። ጠዋት ላይ ዶክተርዬ ከሥራ ተባረረች። ያቺ ጥጥ ቁስሉን ስትጠርግ የሚያሳየው ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ተሻገረ። «አላልናችሁም? ሁሉም ቴአትር ነው!» የሚል ሳቅ አገሩን ሞላው። የሚያላግጡት ግን አንድ ነገር አላስተዋሉም። ቪዲዮው መጨረሻ ላይ የጠፋው ወንድም ፎቶ ነበር፤ ለማላገጥ በላኩት ቁጥር ፎቶውንም ይልኩታል። ጣቢያው ዓመት ሙሉ ቢለፍፍ የማይደርስበት ቦታ ሁሉ በእነሱ ሳቅ ደረሰ።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሩቅ አገር ላይ ምሳ እየበላ ለመሳቅ ከፈተው። ፎቶውን ሲያይ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቀረ። በፍንዳታው ቀን የከተማው ሆስፒታሎች ሞልተው ሲመልሱት፣ ራሱን የሳተ ጎረምሳ መኪናው ላይ ጭኖ በሚሄድበት መንገድ ላለ ትንሽ ጤና ጣቢያ ሰጥቶት ነበር። ስሙን የጠየቀው አልነበረም፤ ልጁም ነፍሱን ካወቀ በኋላ እንኳ የሚነግርበት አንደበት አልነበረውም።

ወንድማማቾቹ የተገናኙ ቀን ሌላው ጣቢያ ካሜራ ይዞ ሄዶ በቀጥታ አስተላለፈው። ዶክተርዬ፣ እህቷና ልጇ ቤት ውስጥ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ጫኙ በጤና ጣቢያው በር ገባ፣ አልጋው ላይ ተደፋ፣ ስሙን ጠራው። ጎረምሳው ቀና አለ። ብርድ ልብሱ ተንሸራተተ። ከጉልበቱ በታች አንድ እግሩ የለም።

ልጅቷ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለች፤ ዓይኗ በራ።

«እማዬ፣ እግሩን የት ደበቅሽው? አልጋው ሥር ነው አይደል?»

«እኔ እዚህ ነኝ ልጄ» አለች እናት። «ከአንቺ ጋር።»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ይዛ ገልብጣ አየችው። ቀለም የለበትም። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አየች፣ መልሳ እናቷን አየች። ፊቷን እናቷ ጭን ውስጥ ቀበረች። እናት ለማባበል አፏን ከፈተች፤ «ሰም ነው፣ አትፍሪ» ማለት ግን አልቻለችም።