እትዬ አስካለ የሳቀች ዕለት

ትናንት በቦዳ፣ በካምፓላው የሞተር ታክሲ፣ ካትዌ ሰፈርን ሳቋርጥ፣ ፎቶ አሳትምባት የነበረችው ጠባብ ሱቅ የጫማ መሸጫ ሆና አየኋት። የሙሽሮችና የተመራቂዎች ፎቶ ይደረደርበት በነበረው ግድግዳ ላይ የፕላስቲክ ጫማ ተንጠልጥሏል። ባለ ቦዳውን «ቀስ በል እስቲ» ብዬ ዞር ብዬ ሳይ፣ ከብረታ ብረት ቤቶቹ የሚመጣው የብየዳ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና አንድ ፎቶ ትዝ አለኝ። ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል።

የኮሮናው ጊዜ ነበር። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ኪቡሊ ኮረብታ ሥር፣ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ። ሥራ የጀመርኩ ቀን «እርስዎ» ብላት «አሮጊት ልታደርጊኝ ነው የመጣሽው?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንቺ እያልኳት ኖርን። እጄ ትሪ ይያዝ እንጂ ልቤ ካሜራዬ ጋ ነው። ዝናብ ያባራ እንደሆነ ቀዩ መንገድ ላይ ውሃ ያቆረበትን ሳነሣ፣ ተሳፋሪ አትጫኑ ተብለው ሞተራቸው ላይ የተኙትን ቦዳዎች ሳነሣ፣ ደንበኛ ይጠብቃል።

«አንቺ ልጅ! ማቶኬውን ላጪው አልኩሽ እንጂ ፎቶ አንሺው አልኩሽ?» ትለኛለች እትዬ አስካለ ከጓዳ፤ ማቶኬ ተቀቅሎ የሚበላ ጥሬ ሙዝ ነው።

ማንም አላስተማረኝም። ያገለገለ ካሜራ ነው የገዛሁት፤ ከጀርባው ያለችው ማሳያ ሞታለች። ምን እንዳነሣሁ የማውቀው ካትዌ ወርጄ፣ ካቶ የሚባለው ባለ ሱቅ በኮምፒውተሩ ሲከፍትልኝ ብቻ ነው። ሌላው ጉድለት ይለዋል፤ ለእኔ ግን ዕቁብ እንደሚወጣለት ሰው ልቤ ይመታ ነበር። ከብዙ ድፍንፍን መካከል አንዲት ጥሩ ፎቶ ብቅ ስትል፣ ያነሣኋት ሳይሆን ወድቃ ያገኘኋት ይመስለኛል።

አንድ እሑድ ጋሼ ታደሰ ግቢያቸው ምሳ ጠሩን። ጋሼ ታደሰ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ በሰፈራችን ሐበሻ ዘንድ ለሠርግም ለሐዘንም ቀድመው የሚጠሩ ሽማግሌ። በዓል የለ፣ ክርስትና የለ። «እንዲያው ሰብሰብ እንበል፤ ቤት መዋል ገደለን» አሉ።

እትዬ አስካለ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ምክንያት ነበራት። እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ዘነበች ደብረ ብርሃን ትኖራለች፤ በስልክ ባወሩ ቁጥር «ድምፅሽ ከስቷል፣ አትበዪም እንዴ?» ትላታለች።

«ዛሬ አሳምረሽ አንሺኝ» አለችኝ። «እልክላታለሁ። አለመክሳቴን በዓይኗ አይታ ትረፍ።»

የራሷ ስልክ ግን በእጇ አልነበረም። ቢጫ ልባስ ያለውን ስልኳን ጋሼ ታደሰ «ቫይረስ ገብቶበታል፣ የማውቀው ልጅ ያስተካክልልሻል» ብለው ወስደውባታል። «ዘንድሮ ሰውም ስልክም አልተረፈ!» ብላ እየሳቀች ነበር የሰጠቻቸው። በእኔ ስልክ ብትሞክር እህቷ አታነሣም። «ኔትወርክ ነው» አሏት ጋሼ ታደሰ፤ እኔም አመንኩ።

ምሳው አቮካዶው ዛፍ ሥር ነበር። ጥብስ፣ ሽሮ፣ የተቀቀለ ማቶኬ፣ አናናስ። ሁሉም እትዬ አስካለን ያጎርሳታል፤ «አስኩ፣ በሞቴ!» «አስኩ፣ አንድ ብቻ!»

«ምን ነካችሁ ዛሬ? ልታርዱኝ ነው እንዴ የምታደልቡኝ?» አለች አፏ ሞልቶ።

ይኼኔ ከጣሪያው ላይ አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ወረደ። የካምፓላን አባ ኮዳ ታውቁት እንደሆነ፣ ራሰ በራ፣ ቁመቱ የልጅ ያህል፣ አረማመዱ የባለሥልጣን ነው። ረጋ ብሎ መጣና ከጋሼ ታደሰ ሳህን ላይ ከነሥጋው አንድ አጥንት ብድግ አደረገ።

«ጋሼ! ካባ የለበሰ እንግዳ መጥቶልዎታል፤ ወንበር ይስጡት እንጂ!» አለችና በሳቅ ፈነዳች። ማስኳ አንድ ጆሮዋ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ። ካሜራዬን ቀጭ አደረግኩ። መያዜን ጣቴ ነገረኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ካቶ ፎቶውን ሲከፍተው ከወንበሬ ተነሣሁ። እንዲህ ያለ ሳቅ አንሥቼ አላውቅም። ጥርሷ፣ ጉሮሮዋ፣ የተዘጋው ዓይኗ፤ ሳቁ የሚሰማ ይመስላል።

«ኛቦ፣ ላትመው?» አለኝ ካቶ፤ በኡጋንዳዎቹ «እመቤቴ» እንደ ማለት ነው።

«ቆይ፣ አጉላልኝ» አልኩት። መሐሉን አይቼ ስጠግብ ዳር ዳሩን ማየት ልማዴ ነው።

ዳር ዳሩ ሌላ ፎቶ ነበር። በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች ሁሉ ማስካቸውን እንዳደረጉ ናቸው። ምግቡ ፊታቸው ቀርቦ አንድም ሰው ማስኩን ዝቅ አላደረገም፤ አልበሉም ማለት ነው። አንድም ሰው ወፉን አያይም። ሁሉም የሚያዩት እሷን ነው፤ ከማስኩ በላይ ያሉት ዓይኖች ደግሞ እንባ ያቀረሩ ናቸው። ጋሼ ታደሰ ከኋላዋ ቆመው አንድ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገዋል። በሌላው እጃቸው የኮታቸውን ኪስ ጨብጠዋል፤ ከኪሱ አፍ ቢጫ ነገር ብቅ ብሏል።

ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም።

ጋሼ ታደሰን ሱቃቸው አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ዘነበች ናት?»

ደነገጡ። «ማን ነገረሽ?»

ያሳተምኩትን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩትና ቶሎ በእጄ መለሱልኝ። «ዓርብ ነው ያረፈችው። ለአንቺ ያልነገርንሽ ፊትሽ ነገር ስለማይደብቅ ነው። መርዶ በሌሊት እንዳንነግራት ሰዓት እላፊው ከቤት አያስወጣን፤ ትናንት ደግሞ እሑድ ነው፣ አንድ ቀን ትብላ ትጠጣ ተባባልን። ዛሬ ሰው ሳይሟላልን ቀረ፤ ነገ ማለዳ እንመጣለን። ዛሬን ቻይው፣ ልጄ።»

ቻልኩት። «ፎቶዬ ወጣ?» ስትለኝ «ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኳት፤ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ከትፌ ዋልኩ፣ ለዓይኔ ሰበብ እንዲሆነኝ።

ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ በሩ ላይ አየቻቸውና ሳይነግሯት ወደቀች። ለቅሶው ጋብ ሲል ግን ሐዘኗ ወደ ቁጣ ዞረ። «እህቴ አፈር ውስጥ ሆና አፌ ውስጥ ሥጋ ትከታላችሁ? አሳቃችሁኝ! በወፍ አሳቃችሁኝ!» አለቻቸው። ጋሼ ታደሰ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸውንም አልቀበልም አለች። ሌሎቹም እያፈሩ ቀሩ። ምሳ ሰዓት ሐበሻ የሚሞላው ቤት ጭር አለ። እኔ የፈራሁት ለገበያው አይደለም። በሰው አገር ብቻዋን ያለች ሴት ከወገን ከተቆራረጠች፣ ስትታመም ማን ሊደርስላት ነው?

ፎቶውን ላሳያት ወይስ ልቅበረው? ብታየው «ይኸው ስስቅ ቆመው ሲያዩኝ!» ብትልስ? ካቶ ዳር ዳሩን ቆርጦ እሷን ብቻ አትሞልኝ ነበር። አንድ ከሰዓት ዝናብ ሲጥል ራሷ ጠየቀችኝ፤ የተቆረጠውን ሰጠኋት።

ተቀብላ አየችው። «ጸጉሬ አምሮ ነበር» አለች። ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ «ትከሻዬ ላይ ያለው የማን እጅ ነው?»

መዋሸት አቃተኝ። ሙሉውን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። በጣቷ አንድ በአንድ ዓይኖቹን ነካች። ሳህኖቹን አየች።

«ብዪ፣ ብዪ ሲሉኝ አንዳቸውም አልቀመሱም» አለች።

«አልቀመሱም፣ እትዬ።»

በሽርጧ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። የመጀመሪያው ለቅሶ ጩኸት ነበር፤ ይኼኛው ድምፅ አልነበረውም። ከዚያ ተነሥታ ምድጃውን ለኮሰች።

«ለጋሼ ታደሰ ደውዪላቸው።»

«ምን ልበላቸው?»

«ምሳ ደርሷል በያቸው፣ ሌላ ነገር አትጨምሪ። እሳቸው ሳይቀምሱ እኔም አልቀምስም።»

በዝናብ በስብሰው መጡ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። የመጀመሪያዋን ጉርሻ እሷ አጎረሰቻቸው፤ እሳቸው ማላመጥ አቅቷቸው ብዙ ቆዩ።

ዛሬ ማሳያው የሚሠራ ካሜራ አለኝ፤ ሠርግም አነሣለሁ። ያንን ፎቶ ያዩ ጥቂት ሰዎች «ለውድድር ላኪው» ይሉኛል። አልክም፤ የእትዬ አስካለ ነው። ደግሞስ በምን አፌ የእኔ ነው እላለሁ? እኔ በዚያች ደቂቃ ያየሁት ሳቋን ብቻ ነበር። ያን ሁሉ ዓይን ካሜራው ነው ያየልኝ። አሁን ግን ሰው ከልቡ ሲስቅ ሳይ ቀጭ ከማድረጌ በፊት ካሜራዬን ዝቅ አድርጌ፣ በዙሪያው የቆሙትን አያለሁ።