ሸክላ በምስማር አይመታም

ሸክላን ግድግዳ ላይ በምስማር ከሚቸነክር ሰው ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም። ጣና ዳር ካሉት አዳዲስ መዝናኛዎች በአንዱ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በድሮ ዘፈን ሸክላ ተሸፍኗል። አንዱን ሰዓት አድርገውታል። ሌላውን በእሳት አለስልሰው፣ ጠርዙን ወደ ላይ አጥፈው፣ የሶፍት ማስቀመጫ አድርገውታል። የቀሩትን ደግሞ ከመነሻው መሐላቸው ላይ ቀዳዳ እያላቸው፣ ያን ትተው ዘፈኑ የተቀረጸበት ላይ ምስማር መትተውባቸዋል። ቢያንስ በቀዳዳው ቢሰቅሏቸው ምን ነበረበት?

ይህን ያየሁት አባቴን ዓሣ ልጋብዝ ይዣቸው የሄድሁ ዕለት ነው። አባቴ የፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። የግራ ጆሯቸውን የማሽኑ ጩኸት ከበላው ቆይቷል፤ ቀኙም እየተከተለ ነው። ሐኪሙ ‹እየቀነሰ ነው የሚሄደው፤ አይመለስም› ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። የዚያን ዕለት መነጽራቸውን አድርገው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ግድግዳው ሥር ቆመው የሸክላዎቹን ጽሑፍ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። ከዚያ አስተናጋጁን ጠሩት።

«ልጄ፣ እነዚህ ይጫወታሉ?»

«አይ አባት፣ ለውበት ነው» አለና ሳቀ።

አባቴ አልሳቁም። ዓሣቸውንም በቅጡ ሳይበሉት ‹እንሂድ› አሉኝ። እኔ ግን እንዲሁ መውጣት አልሆነልኝም። አስተናጋጁን ለብቻው አስቁሜ፣ እሱ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው እንጂ ጥፋተኛ እንዳልሆነ እያወቅሁ፣ የሚገባውንም የማይገባውንም ተናገርሁት።

የተናደድሁበት ምክንያት ነበረኝ። እኛ ቤት አንዲት ሸክላ አለች፤ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልላ ቁምሣጥን ውስጥ የምትኖር። እናቴና አባቴ የተዋወቁት በፋብሪካው የኪነት ቡድን ውስጥ ነው። እሷ ትዘፍናለች፣ እሳቸው ከበሮ ይመታሉ። ቡድኑ አዲስ አበባ ሄዶ ያስቀረጻት ያቺ አንዲት ሸክላ ናት። እኔ ሳልወለድ እናቴ እንቅርቷን ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ሻከረ። እኔ የማውቃት እናቴ ስትጠራኝ ትንፋሽ የሚበዛባት፣ ዘፈን ሲነሣ ወጥ ላማስል ብላ የምትነሣ ሴት ናት። ካቻምና ሞተች። የልጅነት ድምፅዋ ያለው እዚያች ሸክላ ላይ ብቻ ነው።

ሸክላዋ ሁለተኛ ገጽ ላይ ተቀባዮቹ ዝም ብለው እናቴ ብቻዋን የምትገባበት ቦታ አለ። አባቴ ‹ከምቱ ቀድመሽ ገባሽ፤ ዘፈኑን አበላሸሽው› ይሏታል። እሷ ‹እርስዎ ነዎት እንጂ የዘገዩት› ትላቸዋለች። ይህ ክርክር እኔን አሳድጎኛል። የቤታችን ማጫወቻ እኔ ነፍስ ሳላውቅ መብራት ሲለዋወጥ ተቃጥሎ ስለተጣለ፣ ነገሩን የሚፈርድ ዳኛ ጠፍቶ ዕድሜ ልካቸውን እንደተነታረኩ ኖሩ። እሷ ከሞተች በኋላ አባቴ ሸክላዋን እያወጡ፣ በመሐረብ እየወለወሉ፣ መልሰው ይጠቀልሏታል። አጫውቱልኝ ብለው አያውቁም። ከዓሣው ቤት ስንመለስ ግን ባጃጅ ውስጥ ሆነው፣ ወደኔ ሳይዞሩ፣ «ሳልደነቁር አንድ ጊዜ ብሰማት ጥሩ ነበር» አሉ።

ስለዚህ ማጫወቻ ልገዛ ተነሣሁ።

ስለ ሸክላ ማጫወቻ የማውቀው መዞሩን ብቻ ነበር። ከሥራ መልስ ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርሁ፤ ደሜን ያፈላው እሱ ነው። ‹ለጀማሪ የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ› ብሎ የሚጀምረው ሁሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ‹ግን እውነተኛ ድምፅ ከፈለግህ› ይላል። ከዚያ በኋላ የሚጠራው ዕቃ የኔን የዓመት ደመወዝ ጠራርጎ ይሄዳል። አንዱ ደግሞ ግድግዳውን ስፖንጅ አልብሶ፣ ወለሉን በወፍራም ምንጣፍ ሸፍኖ፣ ክፍልህ ካልተስተካከለ ባትለፋ ይሻላል ይለኛል። እኛ ሳሎን ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ እንኳ አንሰማማም። ለዚህ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው?

ቢሆንም ከዚያ ሁሉ ትዕቢት መሐል የሚጠቅመኝን ለቅሜ ወጣሁ። መርፌዋን የሚይዘው ክንድ ከኋላው የሚዞር ክብደት ሊኖረው ይገባል፤ በዚያ ነው መርፌዋ ሸክላው ላይ የምትጫነውን ጫና የሚያቀልሉት። ይህ የሌለው ርካሽ ማጫወቻ ሸክላ ይፍቃል። እኛ ያለችን ደግሞ አንዲት ናት። እሷ ከተፋቀች እናቴ ሁለተኛ ሞተች ማለት ነው።

ይህን ይዤ ገበያ ወረድሁ።

«የሸክላ ማጫወቻ?» አለኝ ኤሌክትሮኒክስ ሻጩ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ሱቁ በር ላይ ያቆመው ሞንታርቦ ስፒከር መንገደኛውን የሚያባርር ሰው። «እህቴ፣ ዘፈኑን ንገሪኝና በፍላሽ ልጫንልሽ። ምን አስጨነቀሽ?»

«ይህ ዘፈን ፍላሽ ላይ የለም። ያለው እኛ ቤት ነው።»

ከመደርደሪያው አናት ላይ ሮዝ ቀለም የተቀባች ሻንጣ አወረደ። ክዳኗን ሲከፍተው ማጫወቻ ናት፤ ስፒከሯም እዚያው ሆዷ ውስጥ ነው።

«ኦርጅናል ናት» አለኝ።

በዚህ ከተማ ኦርጅናል ያልሆነ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ክንዷን በጣቴ አነሣሁት። ከኋላው ምንም ክብደት የለውም፤ ፕላስቲክ ነው፤ ስለቀው ጧ ብሎ ወረደ።

«ይህ እኮ ሸክላውን ያርሰዋል» አልሁት።

«ማን ነገረሽ? ሁሉም ሰው ይችን ነው የሚገዛ። ሳሎን ላይ ታምራለች።»

ታምራለች! ለውበት! ያ የዓሣው ቤት ግድግዳ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ። ጥዬው ወጣሁ።

ማጫወቻዋን ያገኘኋት ሰባታሚት ሰፈር ነው፤ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው ዕቃ የሚሸጡ ባልና ሚስት ቤት። ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡልኝ። አቧራ ለብሳለች፣ ግን ከባድ ናት፤ ክንዷ ከኋላው የሚዞር ክብደት አለው። ደስታዬን ላለማሳየት ስታገል ሴትዮዋ ገብቷት ሳቀችብኝ። አዲስ መርፌ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስላክሁ። ከመርፌ የሚወጣው ድምፅ እጅግ ደካማ ስለሆነ መሐል ላይ የሚያሳድገው ትንሽ ሳጥን ያስፈልጋል፤ እሱንም አብሬ አስመጣሁ።

የቀረኝ ስፒከር ብቻ ነበር። ለስፒከር ደግሞ ወደዚያው ሰውዬ ከመመለስ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። እኔ ያሰብሁት ሁለት ትንንሽ ነበር። እሱ ግን የአባቴን ጆሮ ነገር ስነግረው አንድ ትልቅ ጥቁር ሳጥን አውጥቶ መሬት ላይ ዱብ አደረገው።

«ጆሯቸው ደካማ ከሆነ ይሄ ነው መድኃኒቱ። ቤዙ ደረት ይመታል።»

እዚህ ላይ ተሸነፍሁ። ጆሯቸው ባይሰማ ደረታቸው ይስማ ብዬ ገዛሁት።

ዕቃው ቤት ሲገባ አክስቴ መጣች፤ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ሳሎናችንን የምታስተዳድረው አሁን እሷ ነች። በእኛ ቤት ቡፌው ላይ ያልወጣ ዕቃ እንዳልተገዛ ይቆጠራል። ቴሌቪዥኑ፣ የሠርጉ ፎቶ፣ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች፣ ሁሉም ቡፌው ላይና ውስጥ ናቸው፤ ሁሉም ዳንቴል ለብሰዋል። አክስቴ ቴሌቪዥኑን ገፋ አድርጋ፣ እናቴ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አንጥፋ፣ ማጫወቻዋን አስቀመጠች። ጥቁሩን ሳጥን ደግሞ ጎኗ ላይ አቆመችው።

«መሬት ላይ ቢሆንስ?» አልሁ፤ እውነቱን ለመናገር ቤቱ እንዳይጠብ ብዬ እንጂ ሌላ አስቤ አይደለም።

«አንች ልጅ፣ እንግዳ የማያየው ዕቃ ምኑ ዕቃ ነው?»

እኔም ራቅ ብዬ አየሁትና አማረኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰብን። አባቴ ለበዓል የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። መብራት እስኪመጣ ጠበቅን፤ መጣ። መርፌዋን እንደተማርሁት ቀስ ብዬ አሳረፍኋት። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ከበሮ፣ ክራር፣ ተቀባዮች። አክስቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

አባቴ ወደ ማጫወቻዋ አዩ። «ጀመረ እንዴ?» አሉ።

አልሰሙም። ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች መንጫጫት ጀመሩ፤ መርፌዋም ዘለለች። ዝቅ ሳደርገው ይስተካከላል፣ አባቴ ግን አይሰሙም። ከፍ ሳደርገው አባቴ ራሳቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ መርፌዋ ግን ትዘልላለች። ሸክላዋን ገለበጥሁ፤ ያው ነው። ሻጩ ጋ ደወልሁ።

«ሸክላው ነዋ ያረጀ» አለኝ። «ክንዱ ላይ ሳንቲም ጫኝበት፤ ዝም ይላል።»

የኔን ቁጣ ማን ይናገረው! ያን ሁሉ የለፋሁት ያ ክብደት እንዳይጫናት አይደለም? ዞር ስል ደግሞ አባቴ ከኮት ኪሳቸው ሳንቲም አውጥተው ቆመዋል። ድሮ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።

«አባባ፣ አይሆንም! ይፍቃታል!» ክንዱን በመዳፌ ከለልሁት።

ሳንቲሙን እንደያዙ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እንግዲህ እኔም አርጅቻለሁ፣ እሷም አርጅታለች። በቃ፣ መልሰሽ ጠቅልያት» አሉኝ።

ይህን ሲሉ ያዩ የነበረው እኔን አልነበረም፤ ኮታቸውን እያዩ ነበር፤ ለምን እንደለበሱት የረሱ ይመስል። አለቀስሁ፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴቱ ይበዛ ነበር።

አክስቴ ግን እጅ አትሰጥም። «ቆይ፣ እኔ ልሞክራት» ብላ ሁለተኛውን ገጽ አስጀመረች፤ ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀችው። ተቀባዮቹ እናቴ የምትገባበት ደጃፍ ድረስ መጡና እዚያው ተተከሉ። «ማዶ… ማዶ… ማዶ… ማዶ…» አንዲት ቃል እየደጋገሙ፣ ብርጭቆው እየተንጫጫ። እናቴ ልትገባ ስትል፣ እናቴ ልትገባ ስትል።

አልቻልሁም። ያን ጥቁር ሳጥን ከቡፌው ላይ ብድግ አድርጌ ታቀፍሁት።

«ወዴት ነው?» ጮኸች አክስቴ።

«ሱቁ ነዋ! ፊቱ ላይ ነው የምወረውረው!»

እሑድ ሱቁ ዝግ መሆኑን፣ ገመዱም ግድግዳው ላይ እንደተሰካ መሆኑን አላሰብሁም። ሳጥኑን እንዳቀፍሁ፣ እሱም እቅፌ ውስጥ ‹ማዶ፣ ማዶ› እያለ፣ ገመዱን እየጎተትሁ በሩ ጋ ደረስሁ።

በሩ ጋ ስደርስ ‹ማዶ› ቆመ። ብርጭቆዎቹም ዝም አሉ። ዘፈኑ ወደፊት ሄደ፤ ከዚያ ሰምቻት የማላውቅ ልጃገረድ ደረቴ ላይ መዝፈን ጀመረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ትንፋሽ አይበዛበትም። ሆዴን ይነዝረኝ ነበር።

ሸክላዋ አላረጀችም። ያ ደረት ይመታል የተባለለት ሳጥን ቡፌውን ሲመታው፣ ቡፌው ደግሞ መርፌዋን ሲያዘልላት ነው የቆየው። አምሮን ጎን ለጎን ያስቀመጥናቸው እኛው ነን። ሁሉም ነገር ቡፌ ላይ!

ይህ የገባኝ ግን በኋላ ነው። ያኔ የማየው አባቴን ብቻ ነበር። በእጃቸው ወዲህ ነይ ብለው ጠሩኝ። ገመዱ እንዳይነቀል እየተጠነቀቅሁ ሄጄ፣ ሶፋው ሥር ተንበርክኬ፣ ሳጥኑን ወደ ቀኝ ጆሯቸው አስጠጋሁት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መምታት ጀመረ፤ ከሸክላው ከበሮ ጋር እኩል። ዘፈኑ ሲያልቅ አክስቴ መርፌዋን መልሳ እናቴ የምትገባበት ጋ አሳረፈቻት። አባቴ እንደገና መቱ። እናቴ ስትገባ ጣታቸው ቆመ።

ይከፋቸው ይሆን ብዬ ፈራሁ።

«እሷ በቦታዋ ነው የገባች» አሉ በመጨረሻ። «የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

አክስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሳጥኑ ከብዶኝ መሬት ላይ ላሳርፈው ጎንበስ ስል አባቴ እጄን ያዙኝ።

«ተይው፣ እንዳታስቀምጭው» አሉኝ። «እስቲ ይህን ለራሷም አንድ ጊዜ ልንገራት።»