ጋሽ ሳሙና የጠረጉት ጎጆ

አጎቴ የከተማውን የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎች ሲጠብቁ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ ሽታውን ግን አንድ ቀን እንኳ ለምደውት አያውቁም። «የለመድኩት ቀን ሰው መሆኔ አበቃ» ይሉ ነበር። ኩሬዎቹ አራት ናቸው። የመጀመሪያው ጥቁር ነው፤ የመጨረሻው አረንጓዴ። እሳቸው በረጅም ዘንግ ቅባቱንና አረፋውን ከዳር ይገፍፉና በጋሪ ገፍተው ማድረቂያው ሜዳ ላይ ይደፉታል። ከዚያ ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ፦ ቧንቧው ሥር፣ በሩ ላይ፣ ደግሞ ቤት። ጣቶቻቸው በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። የፓምፕ ሠራተኛው «ጋሽ ሳሙና» ብሎ ያወጣላቸው ስም በዚያው ጸና።

ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ምሳህን ሳትበላ ና፤ በልተህ ከመጣህ ይወጣብሃል» አሉኝ። «አንዲት የምታንገሸግሽ ወፍ አለች። ተማርኩ ካልክ ምን እንደሆነች ንገረኝ።»

«ዳክዬ ናት፣ ምን ምርምር ያስፈልጋታል?» አለ የፓምፕ ሠራተኛው።

ዳክዬ አልነበረችም። እግሮቿ ረጃጅምና ጥቁር ናቸው፤ ከመዋኘት ይልቅ ዳር ዳሩን ትራመዳለች። ትሮጣለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ጎንበስ ብላ ትለቅማለች። አናቷ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋች ትመስላለች፤ ጉንጯ ነጭ ነው። ክንፏን ስትዘረጋ መታጠፊያው ላይ አጭር እሾህ አየሁ።

«ውሃ ዳር ከሚለቅሙት ወገን ናት፤ ባለ እሾህ ክንፍ» አልኩ። «እንቁላሏን መሬት ላይ ነው የምትጥለው።»

«እዚህ መሬት ላይ?» አጎቴ እንትፍ አሉ።

ጠጋ ስንል አንድ ክንፏን እየጎተተች ከፊታችን ተንፏቀቀች። «ይኸው፣ አንካሳም ናት» አሉ። መቶ እርምጃ ያህል ተከተልናት። ከዚያ ብድግ ብላ በረረች።

«አታላይ!»

«እንቁላሏ ከኋላችን ነው፣ ጋሼ። ከዚያ ልታርቀን ነው።»

ግማሽ ሰዓት ፈለግን። ልረግጣቸው ጥቂት ሲቀረኝ አየኋቸው፤ ጭቃ የመሰሉ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው አራት እንቁላሎች። የተኙት በደረቀ ዝቃጭ ቅርፊት፣ በጠጠርና በወረቀት ብጥስጣሽ ላይ ነበር፤ ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ አልናገርም። ፀሐዩ ሲበረታ ወፏ ኩሬው ውስጥ ገብታ ሆዷን አራሰችና ተመልሳ ተቀመጠችባቸው። ሙቀቱ እንዳይገድላቸው እያቀዘቀዘቻቸው መሆኑን አስረዳሁ።

አጎቴ ፊታቸውን አዞሩ። «በዚህ ውሃ? እኔን እንጀራ አስሮኝ ነው። እሷን ምን አሰራት፣ ክንፍ እያላት!»

በማግስቱ አርፍጄ ስደርስ ፊታቸው በርቶ ጠበቁኝ። በጠዋት ዙሪያውን በመጥረጊያ ጠርገውታል። ቅርፊቱንና ወረቀቱን ለቅመው፣ ከሥሩ የታጠበ ነጭ አሸዋ አድርገው፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ወልውለዋቸዋል።

«አሁን እናት የምትወልድበት ቦታ መሰለ» አሉ።

ከበሩ ላይ ሆኜ፣ ያለ ምንም መነጽር፣ አራቱንም ቆጠርኳቸው። ቆሻሻው መደበቂያቸው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። መልሰን እንበትነው ማለት ነበረብኝ። እሳቸው ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም። «ደግ አደረጉ» አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ በኔ ዝምታ ግን ቁራ ገባ።

በነጋታው አሸዋው ላይ ቅርፊትና የተዝረከረከ አስኳል ነበር፤ ጉንዳን ወሮታል። ወፏ ከላያችን እየዞረች ትጮሃለች።

«ጋሽ ሳሙና፣ ለቁራ ገበታ ዘረጉለት እኮ!» አለ የፓምፕ ሠራተኛው። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ፤ አጎቴ ጎንበስ ብለው እያስመለሳቸው ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያቸው ነው።

ቀና ሲሉ ጠየቁኝ፦ «አውቀህ ነበር?»

«ደስ ብሎዎት ስለነበር ነው፣ ጋሼ...»

የመጀመሪያውን ኩሬ በሚያዩበት ዓይን አዩኝ። ብዙ ዓመት አልፎ ዛሬም ያ ዓይን ድንገት ይመጣብኛል፤ ያኔ የራሴ አፍ ይሸተኛል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አስጠሩኝ። ወፏ ከጠረጉት ቦታ ጫፍ ላይ እንደገና ጥላለች። አጎቴ ከማድረቂያው ሜዳ ቅርፊት በጋሪ አምጥተው በባዶ እጃቸው ይሰባብራሉ።

«ጓንቱስ?»

«በጓንት ልኩ አይታወቀኝም፤ ዱቄት ይሆንብኛል።» አፍንጫቸውን ወደ ትከሻቸው እያዞሩ፣ ዓይናቸው እያነባ፣ የጠረጉትን ሁሉ መልሰው አቆሸሹት፤ ጠጠሩን፣ ቅርፊቱን፣ ወረቀቱን ሳይቀር። እንቁላሎቹን ግን አልነኩም። ከዚያ ወደ ኋላ አፈግፍገው «በል ፈልግ» አሉኝ።

ፈለግሁ። አላገኘሁም።

«እኔም ጠፍተውብኛል» አሉ፤ የሚያስጠላቸውን እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው ይዘዋል። ወፏ ክንፏን እየጎተተች ከፊታችን መጣች። ወደ ቧንቧው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ «ና፣ እንከተላት» አሉኝ።

እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ እየተሳደቡ፣ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተሏት።