ይግዛውና አንድ ጀሪካን ናፍጣ

ታች ጋይንት ወረዳ፣ አርብ ገበያ ከተማ መጥታችሁ «ባለ ፕላዝማው ይግዛው» ካላችሁ፣ አህያ የሚነዳ ገበሬ ሳይቀር ቤቱን ያሳያችኋል። ባለ ትዳር መሆኑን ግን ራሱ ይግዛውም ሳይረሳው አይቀርም። ሚስቱ እድላዊት ደብረ ታቦር ታስተምራለች፤ እሱ እዚህ ገመድ ይጠቀልላል፤ እንዲህ ሆነው አምስት ዓመት። ወሬ አልደብቅምና፣ ሰዉ «ያገባው ቴሌቪዥኑን ነው» ይላል።

ሥራው በወረዳው አዳራሽ ባለው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ወረዳዎችን በምስል አገናኝቶ ማሰብሰብ ነው። በስብሰባ ዋዜማ ካሜራውን ያቆማል፣ ማይኩን ይሞክራል፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ «እስቴ ይሰማል? ስማዳ ይታያል?» እያለ ይጮኻል። ሌላ የሚያውቅበት ስለሌለ፣ ወደ ደብረ ታቦር ዝውውር በጠየቀ ቁጥር «አንተን ለቀን ማንን እንተካለን?» ይሉታል።

በሁለት ሺህ ሁለት ሰኔ ላይ ቀን ተቆረጠለት። ከበላይ ያሉት ኃላፊ፣ በስብሰባው ማብቂያ ላይ አመልካቾችን በምስል አናግረው ሊወስኑ ሆነ። የዚያን ቀን ያልቀረበ ለከርሞ ነው።

እድላዊት ደውላ «ዘንድሮም ካልሆነ ትዳሩን ተወው፣ እኔም ልረፍ» አለችው።

«እሺ» አላት። በቃ፣ እሺ።

ዕለቱ አርብ ነበር። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ለጄኔሬተሩ የቀረችው አንድ ጀሪካን ናፍጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ታስኬዳለች። ይግዛው አሰበው፤ ስብሰባው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ የቀረችው ግማሽ ሰዓት ለእሱ።

በሦስት ሰዓት ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ከእስቴ ዋና ከተማ ከመካነ ኢየሱስ የወረዳው ሰብሳቢ አቶ ካሣሁን ብቅ አሉ፤ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው። ከእኛ በኩል የተጋበዙት ቄስ ገብረ ሕይወት ብድግ አሉ።

«ካሣሁን ልጄ፣ ምን አገኘህ?»

«እናቴን ቀበርሁ፣ አባ።»

«እማሆይ አመተ ማርያምን! እኛ ሳንሰማ?»

ያልደረሱትን ለቅሶ ሰምቶ ቁጭ የሚል እኛ ዘንድ የለም። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። አንድ በአንድ ካሜራው ፊት እየቆመ «እግዜር ያጽናዎት» ማለት ጀመረ። ስማዳዎችም ከወዲያ ተነሡ። ቄስ ገብረ ሕይወት ጸሎት አደረሱ፤ አላሳጠሩም።

መዝገብ ቤት አብሮኝ የሚሠራው ጓዴ ይግዛው ጆሮ ሥር ገባ። «አንተ ሰው፣ ድምፁን ዝጋና መስመሩ ተበላሸ በላቸው! ናፍጣህ እኮ እያለቀ ነው!»

ጣቱ ድምፅ መዝጊያው ላይ ነበረች።

«በለቅሶ ላይ?» አለ ይግዛው። ጣቱን አነሣ። ቀጥሎም ተሰልፎ ተራው ሲደርስ ካሜራው ፊት ቆመ። «እግዜር ያጽናዎት፣ ጋሼ ካሣሁን።»

«ይግዛው አንተ ነህ? እኔ እኮ እስከ ዛሬ ድምፅህን ብቻ ነው የማውቀው!»

ስብሰባው ዘግይቶ ተጀመረ፣ ተንዛዛም። አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ኃላፊው «ወደ ዝውውሩ እንግባ፤ ከታች ጋይንት አቶ ይግዛው» አሉ። ይግዛው ኮቱን ቆልፎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጄኔሬተሩ ውጭ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አለና ጸጥ አለ። በጠቆረው የቴሌቪዥን መስተዋት ላይ የቀረው የራሱ የይግዛው መልክ ብቻ ነው።

«ገበያ ሮጬ ናፍጣ ልፈልግ?» አለ ጓዴ።

«እስክትመለስ ይበተናሉ።»

ተነሥቶ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ፤ እንደ ወትሮው ከክርኑ እስከ አውራ ጣቱ እያዞረ። ስልኩ ጮኸ።

«ምን አሉህ?» አለች እድላዊት።

«አልደረሰኝም። ለቅሶ ነበር።»

«የማን?»

«የእስቴው ጋሼ ካሣሁን እናት።»

«ዘንድሮም አልሆነማ» አለች እድላዊት።

«እግዜር ያጽናቸው» አለችና ዘጋችው።

ይግዛው ስልኩን ኪሱ ከትቶ የቀረውን ገመድ ጠቀለለ። ካሜራውን አለበሰው። ሰኞ ሌላ ስብሰባ አለ።