ከማርካ በእግሯ የመጣችው እህቴ

በዚያ የኮሮና ዓመት ዮርዳኖስ፣ አማን ውስጥ መጀመሪያ የተዘጋው አየር ማረፊያው ነው። ቀጥሎ ሳይረን ጮኸና ሰው ሁሉ ቤቱ ገባ። እኔ ረቢየህ በሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት መዳም ቤት ተቀጥሬ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ማርካ ሰፈር ቤት ተከራይታ፣ ሽሜሳኒ ወደሚባል ሰፈር እየተመላለሰች በሰዓት እየተከፈላት ቢሮ ታጸዳ ነበር። የምንገናኘው ዓርብ ዓርብ ነው። ቢሮዎቹ ሲዘጉ ሥራዋም ቆመ፣ ዓርባችንም ቀረ።

ቆይቶ ቀን ቀን በእግር መውጣት ተፈቀደ፤ ያውም እስከ ሰፈር ሱቅ። የትንሣኤ ዋዜማ እህቴ ደወለች።

«በረንዳው ላይ ውጪ» አለችኝ።

ታች መንገዱ ላይ ቆማለች፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ከማርካ ረቢየህ በታክሲ እንኳ ሩቅ ነው።

«በእግርሽ መጣሽ እትዬ?»

«ታዲያ በምን ልምጣ? ፖሊስ ሲጠይቀኝ ዳቦ ልገዛ ነው እያልኩ።»

መዳም ከኋላዬ «ሚን ሃዲ?» አሉ፤ ማን ናት ማለታቸው ነው።

«እህቴ ናት» አልኳቸው በአረብኛ።

በሽታውን ይፈሩ ስለነበር ክፈቺላት አላሉም። የእሳቸውም ልጆች ውጭ አገር ናቸው። አትክልት የምንገዛባትን ባለገመድ ቅርጫት አምጥተው ዳቦና ውሃ አደረጉባት።

ቅርጫቷን አውርጄላት መልሼ ስስባት ውስጧ እፍኝ ለምለም ሣር አገኘሁ። ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ ቄጠማ የሚያድለን ስለሌለ ከመንገድ ዳር ነቅላ ያመጣችው ነው። ግንባሬ ላይ አሰርኩት። እሷም የራሷን አሰረች። ስንት ወሬ ነበረኝ፤ ጎረቤት እየሰማ ከፎቅ ላይ እየጮሁ ምን ይወራል?

«ከስተሻል» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ወፍረሻል» ብላ ሳቀች።

ሰዓት እላፊው ሳይደርስ መግባት ነበረባትና ብዙ አልቆየችም። ቁልቁለቱ እስኪሰውራት አየኋት።

ሙቀቱ ሲበረታም ሥራ አላገኘች። ኢቃማዋም፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ጊዜው አልፎ ነበርና ወደ አገር የሚመልስ በረራ ሲገኝ ተመዘገበች። መዳም ያኔም ከቤት አላስወጡኝም። ከአየር ማረፊያው ደወለችልኝ።

«እማዬን ምን ልበልልሽ?»

«ደህና ናት በያት።»

ሌላም ልላት ነበር፤ ተሳፋሪ መጠራት ጀመረና ስልኩን ዘጋችው።

የዓርብ እረፍቴ ሲመለስልኝ አውቶቡስ ይዤ ማርካ ሄድኩ። አብረን የምንበላበት ፈላፍል ቤት ገብቼ ለብቻዬ በላሁ።

«እህትሽስ?» አለኝ ባለቤቱ።

«አገሯ ገባች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ጠረጴዛውን እየወለወለ።

በሚቀጥለውም ዓርብ ሄድኩ።