የጋሽ ነስሩ ገጽ አርባ አንድ

ጠዋት ከቡታጅራ ተደውሎ ሲነገረኝ «ተሳስታችኋል፣ ሌላ ነስሩ ይሆናል» አልኩ። የደወለችው የገዛ ልጃቸው ናት። አባቷን ልትሳሳት! አፌ ያመጣውን ነው የተናገርኩት።

ጋሽ ነስሩ አርፈዋል። ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀብረዋል። መናኸሪያ ድረስ ወጥቼ ነበር፤ ከወልቂጤ ተነስቼ እንደማልደርስ ሲገባኝ ተመለስኩ። አሁን የጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ሱቄ ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ ነው ይህን የምጽፈው። ደክሞኛል፣ ስህተት ካያችሁ እለፉኝ።

ለማታውቋቸው፣ ቡታጅራ ፊዚክስ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ አውሮፕላን እንዴት እንደሚበር ማንም በሚገባው አማርኛ መጽሐፍ ጻፉ። የተየብኩት እኔ ነኝ፤ እዚሁ ሱቅ፣ መብራት እየሄደ እየመጣ። ዛሬ የምጽፈው ላመሰግናቸው ብቻ አይደለም። ለሳቸው መናገር የነበረብኝ፣ ሳልናገር የቀረሁት አንድ ነገር አለ።

ነገሩ ከገጽ አርባ አንድ ይጀምራል። እዚያ ገጽ ላይ የአውሮፕላን ክንፍ ከላይ ስለጎበጠ የላይኛው አየር መንገዱ ይረዝምበታል፣ ስለዚህ ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ይሮጣል፣ ክንፉም የሚነሳው በዚህ ነው ይላል። ሁላችንም የተማርነው እንደዚያ ነው። መጽሐፉ ታትሞ ከወጣ በኋላ ቡኢ አንድ ትምህርት ቤት ሊያስተዋውቁት ሄዱ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተነስታ «ቲቸር፣ እኩል መድረስ ያለባቸው ለምንድነው? ቀጠሮ አላቸው እንዴ?» አለቻቸው።

ክፍሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ጥያቄዋን ግን ጽፈው ያዙት።

በሳምንቱ ሱቄ መጡ። ወትሮ ቤተሰቤን አንድ በአንድ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳያቸው የማይገቡት ሰውዬ፣ ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳይጨርሱ «ተሳስቻለሁ» አሉኝ። «ቀጠሮ የላቸውም ልጄ። የላይኛው እንዲያውም ቀድሞ ነው የሚደርሰው።»

«እና ምን ይደረጋል ጋሼ? ታትሟል እኮ። ማን ያውቃል?»

«አየሩ ያውቃል።»

ከዚያ በኋላ ይህቺ አባባል ከአፋቸው አልጠፋችም። የልጅ ልጃቸው የቤት ሥራ ሲኮርጅ ቢይዙትም «አየሩ ያውቃል» ነው የሚሉት።

ትክክለኛውን አንቀጽ ጽፈው አመጡ። ክንፉ አየሩን ወደ ታች ይገፋዋል፣ አየሩም ክንፉን መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። አትሜ በምላጭ ቆራረጥኩላቸው። እሳቸው ደግሞ ኮላቸውን በኪሳቸው ይዘው እያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ሊለጥፉ ተነሱ። በእጃቸው ስለሸጡት ማን ቤት እንዳለ ያውቃሉ። አብዛኛው ገዢ አዲስ አበባ የሚነግድ ነው፤ የኛ ሰው ግን የትም ይሁን የት ለበዓል አገሩ ይገባል። ጋሽ ነስሩ ለአረፋ መስቃንን፣ ለመስቀል ሶዶን እስከ ጥያ ቤት ለቤት ዞሩ። ለሳቸው ተብሎ ቆጮና አይብ ሲቀርብ «መጀመሪያ መጽሐፌን አምጡልኝ» ይላሉ። አንዱ ቤት መጽሐፉ የቴሌቪዥን መደገፊያ ሆኖ አገኙት። ቴሌቪዥኑን አስነስተው፣ ለጥፈው፣ መጽሐፉን ቦታው መለሱት። አልተቀየሙም።

በአንዱ መስቀል አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው መዳፋቸውን ዘንበል ቀና ያደርጋሉ። ረዳቱ «ፋዘር፣ እጅዎን ያስገቡ እንጂ!» ብሎ ጮኸባቸው። «አየሩን ወደ ታች ስገፋው እጄን ወደ ላይ ያነሳዋል። ና ሞክረው» አሉት። መጀመሪያ ሳቀባቸው፤ ትንሽ ቆይቶ እሱም በበሩ በኩል እጁን አወጣ። ጋሽ ነስሩ እንደዚያ ቀን ሲደሰቱ አላየኋቸውም።

እንግዲህ ልናገረው። አምና እግራቸው እምቢ አላቸው። የቀሩት ወልቂጤ ያሉ አስራ አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስማቸውን ጽፈው፣ ልጣፊዎቹን በፖስታ አድርገው «ላንቺ ቅርብ ናቸው» ብለው ሰጡኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዙበት ሰሞን ነበር። ሰልፉ በር ላይ፣ ማሽኑ ይበላሻል፣ እኔ ቁሜ እውላለሁ። ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሰሞኑ አለፈ፣ ሰልፉም ቀረ፤ እኔ ግን አላወጣሁትም። ሰልችቶኝ ነበር። እውነቱ ይሄው ነው፣ የሳቸው አየር ሰልችቶኝ ነበር።

ደውለው «ከምን ደረሰ?» ሲሉኝ «ጨረስኩ ጋሼ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ። አለቀ ማለት ነው» አሉ። ድምፃቸው ሸክም እንዳወረደ ሰው ነበር። አንድም ቤት አልሄድኩም ነበር።

ወልቂጤ ያላችሁ፣ መጽሐፉ ቤታችሁ ካለ እባካችሁ ፈልጉልኝ። ገጽ አርባ አንድን እንዳታምኑት። አድራሻችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ በእግሬ እመጣለሁ። አዲስ አበባ የገባችሁም ለበዓል ስትመጡ ይዛችሁት ኑ።

ጋሼ፣ አላለቀም። ጨረስኩ ያልኩዎት ውሸት ነው፤ እርስዎ ግን አምነውኝ ሄዱ። ይቅርታ ዛሬ አልጠይቅዎትም፣ ፖስታው ባዶ ሲሆን ቡታጅራ መቃብርዎ ድረስ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ። ከመናኸሪያ ስመለስ ሁለት ቤት ሄጃለሁ። የአንደኛው ልጣፊ ተጣሞብኛል። እርስዎ ቢሆኑ አስልጠው እንደገና ያስለጥፉኝ ነበር። ዛሬ የሚያስልጠኝ የለም። ደህና ይሁኑ መምህሬ፣ አስራ ሦስት ይቀረኛል።