በሌለሁበት የሚያማስለው ማሽን

መገናኛ ጀርባ የተከራየኋት ክፍል ከአከራዬ ሳሎን ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች፣ በሯ ግን ወደ ግቢው የሚከፈት ነበረች። አከራዬ ከወሎ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ክፍሏ የልጃቸው ነበረች፤ ልጅቷ ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች በኋላ ነው ለእኔ ያከራዩኝ። ሕጋቸው ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል፣ ካውያ ክልክል፣ የወንድ እንግዳ ነገርማ አይነሳም። ዋናው ሕግ ግን ሰው በሌለበት ክፍል መብራት አይበራም የሚለው ነበር። የክፍሌን ኤሌክትሪክ በሙሉ የሚቆርጠው ማጥፊያ ያለው እሳቸው ሳሎን ስለሆነ፣ ጠዋት ስወጣ ያጠፉታል፤ ማታ ስመለስ ያበሩልኛል። ግድም አልነበረኝ። ከአንድ አምፖልና ከአንዲት ሬዲዮ በቀር ምን ነበረኝና?

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መባቻ ነው። ከገርጂ ወዲያ ባለ የቀለም ፋብሪካ እሠራ ነበር፤ ጎን ለጎን የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬን እጽፋለሁ። ርዕሴ ትልቅ ታንከር ውስጥ ቀለም እንዴት እንደሚደባለቅ ነው። አማካሪዬ የነበሩት ፈረንጅ ወደ አገራቸው ከተመለሱ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ የማወራው አንድም ሰው አልነበረኝም። ታክሲ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ ሲሉኝ ቀለም እላለሁ፤ ቀለም ቀቢ ያደርጉኛል፣ አላርማቸውም። ብቸኛ ነበርኩ፤ ብቸኝነቴንም ጉብዝና አድርጌ ለራሴ ነግሬው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታንከሩ መሐል ያለው ማማሰያ በኃይል ሲሽከረከር፣ ከላይ ለሚያየው ሰው ሁሉም የተደባለቀ ይመስላል። ፈሳሹ ግን ተያይዞ ይዞራል እንጂ አይደባለቅም፤ ጎን ለጎን የነበሩ ጠብታዎች ዞረው ዞረው ያው ጎን ለጎን ናቸው። ዙሩን ለመስበር ከግድግዳው ወደ ውስጥ ብቅ የሚሉ ብረቶች መበየድ አለባቸው። ያኔ ፈሳሹ ብረቶቹን እየመታ ይመሰቃቀላል፤ የሚደባለቀውም ሲመሰቃቀል ነው። መገናኛ ላይ በየቀኑ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋሁ ታክሲ ስይዝ ይኸው ነገር ትዝ ይለኝ ነበር።

ብረቶቹ የት ቢሆኑ እንደሚሻል በእውነተኛ ቀለም መሞከር ፋብሪካውን ማክሰር ስለሆነ፣ ሥራው የኮምፒውተር ነበር። ፕሮግራሙ ታንከሩን ብዙ ሺ ቦታ ይከፋፍለውና በእያንዳንዷ ክፍል ፈሳሹ ወዴት፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ያሰላል። የአንዷ መልስ ሲለወጥ የጎረቤቶቿም ይለወጣል፤ እንደገና ያሰላል። ይህ ሳምንታት ይፈጃል። ሥራ አስኪያጁ ለሒሳብ ክፍል የተገዛውን ኮምፒውተር እስከ አዲስ ዓመት ቤቴ እንዳቆየው ፈቀደልኝ፤ ከዚያ አንድ ቀን አይታለፍም። አማካሪዬ በዲስኬት የተዉልኝ ፕሮግራም ደግሞ ውጤቱን የሚያስቀምጠው ሲጨርስ ብቻ ነው፤ ውስጡን ከፍቼ ላስተካክለው አልችልም። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ከአንድ መጀመር ነው። እስከ አዲስ ዓመት ካልጨረሰ ዲግሪዬ ቀረ ማለት ነው።

እሑድ አስጀመርኩት። ሰኞ በደስታ ሕጉን ረስቼው ወጣሁ፤ ማታ ስመለስ ማሽኑ ቀዝቅዞ ጠበቀኝ። ደሜ ፈላ። ሄጄ ሳንኳኳ እሳቸውም ተቆጥተው ነው የወጡት፤ ቆጣሪው እንደ እብድ ሲሽከረከር አይተው ምድጃ ደብቃለች ብለዋል። ገብተው አልጋዬ ሥር ሳይቀር አዩ። ምድጃ ሲያጡ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ።

«ሰው ሳይኖር ብቻውን ይሠራል?»

«አዎ እማማ።»

«ምን ይሠራል?»

«ቀለም ያማስላል።»

«የታለ ቀለሙ?»

የቻልኩትን ያህል አስረዳሁ። ስለ ቀለሙ ያመኑኝ አይመስለኝም፤ ከጠፋ ድካሜን ሁሉ ውሃ እንደሚበላው ግን ገባቸው። የመብራቱን ጭማሪ እኔ ልችል ተስማማን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማጥፊያውን አልነኩትም።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ነጎድጓድ ባጉረመረመ ቁጥር ፋብሪካ ሆኜ ቀና ብዬ አምፖሉን አያለሁ። ማታ ማታ አከራዬ ግቢው በር ላይ ይቀበሉኝና፣ ዛሬ ዝንፍ አላለም ይሉኛል። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን የሰፈሩ መብራት በሙሉ ሲጠፋ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ውጭ ቆመው ጠበቁኝ፤ አብሽሪ፣ ገና ጊዜ አለሽ አሉኝ። አመስግኜ በሬን ዘጋሁ፣ እንደገናም አስጀመርኩት። በሰው ጉዳይ መግባት የሚወዱ ሴት ናቸው ብዬ አስብ ነበር።

ጳጉሜን ላይ፣ እሑድ ከሰዓት ጨረሰ። ቁጥሮቹን ደጋግሜ አየሁ፤ ፈሳሹ ሞቶ ይቀርባቸው የነበሩት ጥጎች ሁሉ ተነቃንቀዋል፤ ዙሩ ተሰብሯል። ውጤቱን በዲስኬት ገልብጬ፣ በማግስቱ የሚመለስ ስለሆነ ማሽኑን አጠፋሁት። ሳምንታት ሙሉ ያልሰማሁት ጸጥታ መጣ። እናቴ ያለችበት አገር ስልክ የለም፤ ለአማካሪዬ የምጽፈው ደብዳቤ እስኪደርስ ወር ይፈጃል። አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ለብቻ የሚሰማ ደስታ እንዴት እንደሚያስከፋ ያን ቀን አወቅሁ።

በሬ ተንኳኳ። አከራዬ ነጠላቸውን እንኳ አላስተካከሉም።

«ምነው ልጄ፣ ጠፋብሽ?»

«አልጠፋም እማማ፤ ጨረሰ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እውነትም ደስ አላቸው። ግን አልሄዱም። ነገ እንደምመልሰው ስነግራቸው በሩ ላይ እንደቆሙ ማሽኑን አዩት።

«ቀን ቀን አንቺ ስትወጪ በግድግዳው ይሰማኝ ነበር» አሉ። «ልጄ ከሄደች ወዲህ በቀን ከዚህ ክፍል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ያለበት ይመስለኝ ነበር።»

እንኳን ደስ ያለሽ ብለውኝ ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ተነሥቼ ማሽኑን አበራሁትና ያንኑ ያለቀ ስሌት ከአንድ አስጀመርኩት። ጠዋት ተነቅሎ እንደሚቀር አውቃለሁ። ከዚያ ለራት የገዛሁትን ዳቦ ይዤ፣ ከተከራየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቆጣ በራቸውን አንኳኳሁ። ገርሟቸው ምንጣፋቸው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ዳቦውን ስንቆርስ ከግድግዳው ወዲያ፣ ማንም ከሌለበት ክፍሌ፣ ማሽኑ ሲያጉረመርም ይሰማል። ለካ እውነታቸውን ነው፤ ሰው ያለበት ይመስላል።